የተደፋ ጥሬ

ከሃያ ሁለት ወረድ ብሎ ባለው መንገድ፣ የቤት ዕቃ በሚሠሩት አናጢዎች ደጅ ሳልፍ፣ ዝናብ የነካው የሰጋቱራ ሽታ ድንገት ይመጣና እግሬን ይይዘዋል። ሰው በሽቶ ይማረካል፤ እኔ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ እርጥብ ሰጋቱራ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የነበረው ቤታችን፣ አባዬ ከአጥሩ ሥር በወዳደቀ እንጨትና በሽቦ የሠራው የዶሮ ቤት፣ ከዚያም ውስጥ ጎንበስ ብላ የምትወጣው እማዬ ፀጉሯ ላይ ከተሰካው ላባ ጋር እንደ ትናንት ይታዩኛል።

ዶሮዎቹ የእማዬ ነበሩ። አባዬ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ስለነበር ደመወዙ ለቤቱ ወጪ ይውል ነበር፤ እማዬ ግን «የኔ» የምትለው ነገር ቢኖር እነዚያ ዶሮዎች ብቻ ነበሩ። ጎረቤት አራስ ስትጠይቅ እንቁላል በሳህን ይዛ፣ በነጠላዋ ሸፍና «ከዶሮዎቼ ነው» ስትል እንደምትኮራው፣ ከዚያ ወዲህ በምንም ነገር ስትኮራ አላየሁም።

በጋ ሲሆን ሥራው ቀላል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባዬ ጋር እየሄድን፣ አናጢዎቹ ጠርገው ያስቀመጡልንን ሰጋቱራ በማዳበሪያ ጆንያ ሞልተን እናመጣና፣ እማዬ የዶሮ ቤቱ ወለል ላይ ስንዝር ያህል አድርጋ ትነሰንሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት በእንጨት ስታገላብጠው ኩሱ ከሰጋቱራው ጋር እየተደባለቀ ይደርቅና ሽታው እንደ ጫካ አፈር ይሆን ነበር። ችግሩ መኖው ላይ ነበር። አባዬ ለሁለት ሰንጥቆ ከሠራው የጀሪካን ገንዳ ዶሮዎቹ ፉርሽካውንና በቆሎውን በእግራቸው እየጫሩ ይበትኑታል፤ እማዬም ከሰጋቱራው እየነፋች፣ በእጇ እየለቀመች መልሳ ገንዳው ውስጥ ታደርገው ነበር። ልጅ ሆና ወሎ ሳለች ክፉ ቀን አይታለች። «እህል ሲረገጥ ያለቅሳል፣ ጡር አለው» ትለን ነበር። እኛ ቤት አንዲት የምስር ፍሬ እንኳ ተረግጣ አታድርም።

አባዬ በሩ ላይ ተደግፎ እያያት «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ አንቺማ እነሱ ተኝተው አንቺ ታልሚላቸዋለሽ» ብሎ ይስቅባት ነበር።

ዓቢይ ፆም ሲገባ ዶሮዎቹ ሁዳዴ መሆኑን ማን ነግሯቸው፣ መጣሉን ይቀጥላሉ፤ እንቁላሉ ጓዳ ውስጥ ሲከመር እኛ ሽሮአችንን እየበላን በዓይናችን ብቻ እንፈስክበት ነበር።

አንድ ዓመት ግን ክረምቱ ቀድሞ ገባና ሰኔ ሳይጋመስ የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ሰጋቱራው ረጥቦ እንደ ጭቃ ሆነ፣ በሩ ሲከፈት ሽታው ዓይን ያቃጥል ነበር። እማዬ የተደፋውን ጥሬ ያኔም አልተወችውም፤ ከጭቃው እየለቀመች፣ ምድጃ አጠገብ እያሰጣች ትመልስላቸው ነበር። መጀመሪያ ገብስማዋ ክንፏን ጥላ ጥግ ያዘች፣ በማግስቱ ሞታ ተገኘች። ከዚያ ሌላዋ ተከተለች፣ ከዚያም ወሰራው አውራ ዶሮ። እማዬ እያንዳንዳቸውን ስታወጣ አታለቅስም ነበር፤ ወንፊቷን አንስታ ወደ ለቀማዋ ትመለሳለች።

አባዬ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከገንዳው አንድ ጭብጥ አንስቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«ሻግቷል እኮ! ይኼን ነው የምትመልሺላቸው?»

«አድርቄው ነው።»

«ቢደርቅስ? የሚገድላቸው ይኸው ነው። ወይ ይኼ ይጣል፣ ወይ የቀሩትን እንሽጣቸው።»

እማዬ ወንፊቱን እንደያዘች ቆመች። «እህል ቆሻሻ ላይ ደፍቼ የት እገባለሁ? እኔ እኮ ያንን ቀን ያየሁ ሰው ነኝ» አለችው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ሁለቱንም አያለሁ፤ ሊሸጡብን ነው ብዬ የቀሩትን ዶሮዎች በዓይኔ እቆጥራለሁ።

 በማግስቱ ጠዋት አባዬን ካቦርቱን እንደደረበ አጥሩ ሥር ጉድጓድ ሲቆፍር አገኘነው። «አንጥለውም፣ እንቀብረዋለን» አለ ቀና ሳይል። «ገበሬስ እህል አፈር ውስጥ አይከትም? ጡር አለብህ ያለው አለ?»

እማዬ ጉድጓዱን አየች፣ አባዬን አየች፣ ከዚያ አማትባ የሻገተውን መኖ በቀስታ ገለበጠችው፣ እርጥቡን ሰጋቱራም ከነኩሱ ከላዩ አለበስነው። አባዬ ጣሪያውን ደፈነ፣ ገንዳውንም በሽቦ አንጠልጥሎ እስከ ዶሮዎቹ ጀርባ ከፍ አደረገው፤ ከዚያ በኋላ በእግራቸው ሊጭሩት አልቻሉም። ደረቅ ሰጋቱራ ከተነሰነሰ ወዲህ የሞተች ዶሮ አልነበረችም።

ከጉድጓዱ ዳር ደግሞ፣ ማንም ሳይዘራው በቆሎ በቀለ። ለመስቀል ከአጥሩ በላይ ታየ፣ ጥቅምት ላይ እሸት ሆነ። እማዬ የመጀመሪያውን ቆርጣ ፈለፈለችና ቀድማ ለዶሮዎቹ በተነችላቸው። «ብሉ፣ የናንተው ነው» ስትል አባዬ ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች። እንደዚያ ቀን አብረው ሲስቁ ማየት እንዴት እንደናፈቀኝ!

ዛሬ አባዬ የለም። ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ጉድጓዱ የነበረበትም የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። እማዬ አሁን ከኔ ጋር እዚሁ ቦሌ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ባለፈው ሳምንት ለቆሎ ስንዴ ስትለቅም ሰፌዱ ከእጇ አመለጠና ጥሬው በሳሙና ውሃ ታጥቦ ገና ያልደረቀው ወለል ላይ ተበተነ። ተዪው ብላትም አልሰማችኝም፤ በሚያማት ጉልበቷ ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመችው። «ይኼ እንኳ ለሰው አይሆንም» አለች ለራሷ። ከዚያ ጭብጧን እንደያዘች ወደ በረንዳው ወጣች፣ ወደ ታች ኮብልስቶኑን፣ አስፋልቱን አየችና ዞራ ጠየቀችኝ።

«አፈሩ በየት በኩል ነው?»

ቦሌን መንገድ በመንገድ አውቀዋለሁ፣ እሷን የት እንደምወስዳት ግን አላወቅሁም። ያኔ ቤታችን ጠባብ ነበር፣ ጣሪያችን ያፈስ ነበር፤ ለአንድ ጭብጥ የተደፋ ጥሬ የሚሆን መሬት ግን አላጣንም ነበር። እማዬ እንደገና ወደ ታች አየችና ስንዴውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። እስካሁን አልፈታችውም።