ከዐናብ ፌስታል የወጣችው ሕፃን

ጅጅጋ ውስጥ አሮጌ ፎቶ ያለው ሰው እናትአለምን ያውቃታል። ሱቋ ጠባብ ናት። ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ጉርድ ፎቶ ታትማለች፤ ስሟን ያስጠራት ግን የላስቲክ ኪሷ ነው። ሰው ያረጀ ፎቶውን ይዞላት ሲመጣ፣ ከጥቅል ላይ ጥርት ያለ ወፍራም ላስቲክ ትቆርጥና ለእያንዳንዱ ፎቶ በልኩ ኪስ ትሠራለታለች። የብረት ማስመሪያ በጠርዙ ላይ ታስቀምጣለች፣ ላስቲኩ እንዳይጣበቅባት ስስ ወረቀት ታነጥፋለች፣ ከዚያ በጋለ መበየጃ ቀስ ብላ ትሄድበታለች። ኪሶቹን ደርድራ በጠንካራ ሽፋን ትጠርዛቸዋለች። ላሚኔሽን ቢሏት እሺ አትልም፤ አሮጌ ፎቶ በዚያ ማሽን ውስጥ ካለፈ ተቀቅሎ ይወጣል፣ ሁለተኛም ከላስቲኩ አይላቀቅም ባይ ናት።

ይህን ሥራ የጀመረችው ወዳ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከተማዋ ውስጥ ግርግር ሲነሳ የሱቋ በር ተገንጥሎ፣ ማሽኗ ተወስዶ፣ የሰው ፎቶ ሁሉ በዝናብ ጭቃ ላይ ተበትኖ ጠበቃት። የሙሽራ ፎቶ፣ የሟች ፎቶ፣ የልጅ ፎቶ ከጭቃ እየለቀመች፣ እያጠበች፣ በገመድ ላይ እያሰጣች ለየባለቤቱ መለሰች። በሩን የገጠመላት ሶማሊው ጎረቤቷ ሬዲዮ ጠጋኙ ጃማ ነበር። ፎቶዎቹን በላስቲክ መሸፈን እንዳማራት ሲሰማ ከራሱ መበየጃዎች ጫፈ ጠፍጣፋዋን መርጦ ሰጣት፣ እጇን ሳታቃጥል እንዴት እንደምትይዛትም አሳያት።

ጃማ ይህን እስኪያደርግላት ድረስ ግን ልቧ ክፉኛ ሻክሮ ነበር። በግርግሩ ሰሞን ከእናቷ ከወይዘሮ በለጥሻቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠልላ ስትሰነብት፣ ስለ ሶማሊ ጎረቤቶቿ ያልተናገረችው ክፉ ቃል አልነበረም። አባቷ ሃምሳ አለቃ ወርቅአገኘሁ የተቀበሩበትን፣ እሷ ተወልዳ ያደገችበትን ከተማ ረገመች። እናቷ አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት እንጂ አንድም ቃል አልመለሱላትም።

እናትአለም በግራ ጉንጯ ላይ ከጆሮዋ ሥር ተነስቶ የሚወርድ፣ አገጯ ጋ ሲደርስ ለሁለት የሚከፈል ጥቁር ምልክት አላት። እናቷ፣ ማርያም የሳመቻት ናት ይላሉ። ተማሪ ቤት ግን ልጆች ሲስቁባት ስላደገች፣ ሻሿን ወደ ግራ ሳብ አድርጋ ጉንጯን መሸፈን ልማድ ሆኖባታል። ለዓመታት የሚያውቋት ደንበኞች እንኳ ምልክቱን አይተውት አያውቁም።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር አንዲት ሴት ጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ ሱቋ ገባች። ዐናብ እባላለሁ አለች፤ ደገሀቡር ነርስ ናት። በፌስታሉ ውስጥ የእናቷ ፎቶዎች ነበሩ። በስደት ከአገር አገር ሲንከራተቱ የከረሙ፣ ዳር ዳራቸው በምስጥ የተበላ፣ አንዳንዶቹም እርስ በርስ የተጣበቁ ናቸው። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ስለሆነ ፈጽሞ ሳይጠፋ አንድ ላይ ተሰብስበው ትያቸው ብላ ነው የመጣችው። ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ቁጭ ብላ ለመጠበቅ ወሰነች፤ ፎቶዎቹን ለማንም ትታ መሄድ አልሆነላትም።

እናትአለም መበየጃዋን አጋለችና ሥራዋን ጀመረች። ዐናብ ከአግዳሚው ላይ ሆና ስለ እያንዳንዱ ፎቶ ታወራላታለች፤ ይሄ አጎቷ ነው፣ አስተማሪ ነበር፣ ካሜራ የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ ይህቺ አክስቷ ናት፣ ኤረር ተድራ ቀረች። እናትአለም አዎ፣ እሺ እያለች ትቆርጣለች፣ ትለካለች፣ ታሽጋለች። መካከል ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ እጇ ገባ። አንዲት ወጣት ሶማሊት ከጭቃ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ሁለት ሕፃናት በሁለት ጉልበቷ ላይ ይዛለች። አንደኛዋ ተኝታለች። ሌላዋ ዓይኗን አፍጣ ወደ ካሜራው ታያለች፤ በግራ ጉንጯ ላይ ጥቁር ነገር አለባት።

እናትአለም ቆሻሻ መሰላትና በጥጥ ጠረገችው። አልለቀቀም። ጥጡን እርጥብ አድርጋ ደገመችው። ምልክቱ እዚያው ነው። ፎቶውን ወደ አምፖሉ አስጠግታ ስታየው፣ ከሕፃኗ ጆሮ ሥር ተነስቶ ወርዶ፣ አገጯ ጋ ለሁለት ተከፍሏል።

መበየጃውን ላስቲኩ ላይ እንደጫነችው እጇን ማንሳት አቃታት። ላስቲኩ ጨሰ፣ ቀለጠ፣ ጠረጴዛውም ይቃጠል ጀመር። ዐናብ ዘልላ ተነስታ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው። ምነው፣ አመመሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናትአለም አልሰማቻትም።

«ይህቺ ሕፃን ማናት?» አለች።

ዐናብ ፎቶውን አየችው። «የተኛችው እኔ ነኝ። ይህቺኛዋ የሐበሻ ልጅ ናት፣ የጎረቤት። በጦርነቱ ጊዜ እናቷ ጠፋችና እናቴ ሁለታችንን አንድ ላይ አጠባችን» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሞታለች» አለች።

እናትአለም በገዛ ሱቋ፣ በገዛ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሞቷን ተረዳች። በመጨረሻ እጇን ወደ ሻሿ ሰደደችና ፈታ አውርዳው ጉንጯን ወደ ብርሃኑ አዞረች።

ዐናብ ፎቶውን አየች፣ ፊቷን አየች፣ መልሳ ፎቶውን አየች። አልጮኸችም። ቀረብ ብላ በጣቷ ጫፍ ምልክቱን ከላይ እስከ ታች ተከተለችው፤ ጣቷ አገጯ ጋ ሲደርስ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም ሱቁን ዘግተው ወደ ወይዘሮ በለጥሻቸው ቤት ሄዱ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኟቸው። እናትአለም ፎቶውን እጃቸው ላይ አኖረችው። ሴትየዋ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። ማንም ሳይነግራቸው ሕፃናቱን የያዘችውን ሴት ስም ጠሩ።

«ኢስተሂል» አሉ። ከዚያ እንግዳዋን ቀና ብለው አይተው፣ «የት ተቀበረች?» ብለው ጠየቁ።

«አልተቀበረችም» አለች ዐናብ። «ደገሀቡር አለች።»

ወይዘሮ በለጥሻቸው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ እየተቆራረጠ፣ እሳቸው የማያውቁትን ዐናብ እየሞላችላቸው፣ ነገሩን አወጡት።

በ1970 መስከረም ላይ ጦርነቱ ጅጅጋ ሲደርስ ባለቤታቸው ግንባር ላይ ነበሩ። ባላቸው ቆስለዋል የሚል ወሬ ሲሰሙ ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ በግድግዳ ለሚጎራበቷቸው ለኢስተሂል ሕፃኗን ትተው ወደ ጦር ሰፈሩ ሮጡ። ለአፍታ ነው ብለው ነው የሄዱት። መድፉ ግን መመለሻውን ቆረጠው። የሚያፈገፍጉት ወታደሮች በግድ መኪና ላይ ጭነው በካራማራ በኩል ሐረር አደረሷቸው። ጡታቸው በወተት አብጦ፣ ልጃቸው ትሙት ትዳን ሳያውቁ ከረሙ። ኢስተሂል ደግሞ ሁለቱን ሕፃናት ይዛ ወደ ዘመዶቿ አገር ወጣች። የመንግሥት ጦር ጅጅጋን መልሶ ሲይዝ እሷ ድንበር ተሻግራ ልትሰደድ ሆነ። የሰው ልጅ ይዤ አልሰደድም ብላ ወደ ከተማ ለሚመለስ አንድ ሽማግሌ የግመል ነጋዴ ሕፃኗን አደራ ሰጠች። ሽማግሌው አደራውን አልበላም፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለካህናቱ የአባቷን ስም ነግሮ አስረከባት፤ እነሱም ከሐረር ለተመለሱት እናቷ ሰጧት። ወደ ኢስተሂል ሲመለስ ግን የደረሰበት አልታወቀም። ኢስተሂል ሽማግሌው በመንገድ ላይ ከነሕፃኗ ተመታ ሲባል ሰማች። ወይዘሮ በለጥሻቸው ደግሞ ኢስተሂል በስደት ላይ በበሽታ አለቀች ሲባል ሰሙ። ኢስተሂል ሕፃኗን፣ ወይዘሮ በለጥሻቸውም ኢስተሂልን፣ ሞታለች ብለው አልቅሰው አረጁ።

እናትአለም ይህን ሁሉ ቆማ ነው የሰማችው። ድንጋጤዋ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

«በዚያ በግርግሩ ሰሞን፣ ያን ሁሉ ክፉ ነገር ስናገር፣ እንዴት ዝም ትይኛለሽ እማዬ?»

እናቷ፣ «አባትሽ ‹ልጃቸው በጠላት ቤት አደገች ይሉናል፣ አንቺም እኔም እንጠፋለን፣ እንዳትናገሪ› አለኝ። ማልኩለት። እሱም ሞተ፣ ያ መንግሥትም ሄደ፣ እኔ ግን አፌ እንደተያዘ ቀረ። አርባ ዓመት ዝም ያልኩትን በዚያ ቀን ከየት ልጀምረው?» አሉ።

መልሱ አልበቃትም። ሌሊቱን ከእናቷ ጋር ሳትነጋገር አደረች። ሲነጋ ግን ወይዘሮ በለጥሻቸው ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ከሰፈራቸው ከወጡ ዓመታት ያለፏቸው፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ሦስቱም በሚኒባስ ደገሀቡር ወረዱ።

ዐናብ ለእናቷ በስልክ ምንም አልነገረቻቸውም፤ ልባቸው እንዳይቆም ፈርታ ነው። እንግዳ መጥቷል ብላ ብቻ አስገባቻቸው። ኢስተሂል ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺሙን ሂና እንደቀባ ሽማግሌ ፀጉራቸው የቀላ ሴት ናቸው። ዓይናቸው በጣም ካላስጠጉት በቀር የሰው ጥላ እንጂ መልክ አይለይም። ዐናብ የእናትአለምን እጅ ይዛ አጠገባቸው አንበረከከቻትና የእናቷን እጅ አንስታ ግራ ጉንጯ ላይ አኖረችው። ምልክቱ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ እጅ ያገኘዋል።

የአሮጊቷ ጣቶች ወረዱ። አገጯ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ትንፋሻቸው ተቋረጠ፤ ዐናብ ደንግጣ የእጃቸውን የደም ሥር ያዘች። እናትአለም ከዚህች ሴት ፊት ምን እንደሚባል አታውቅም ነበር፤ ይቅርታ ይሁን፣ ምስጋና ይሁን ሳትለይ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፋች።

በመጨረሻ ኢስተሂል በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ዐናብ እየሳቀች እንባዋን ጠረገችና ተረጎመችው፦

«ትነክሰኝ የነበረች ይህቺ ናት። ዐናብ እንኳ ነክሳኝ አታውቅም፣ ይህቺ ነበረች የምትነክሰኝ።»

ወይዘሮ በለጥሻቸው እስከዚያ ድረስ በሩ ጋ እንደቆሙ ነበሩ። ኢስተሂል የቆመውን ጥላ አይተው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ በለጥሻቸው በዚያ በድሮ የገበያ ሶማሊኛቸው፣ ለብዙ ዓመት ሳይናገሩት በቆዩት፣ ልጄን ልወስድ መጣሁ፣ ቆየሁብሽ አሉ። ኢስተሂል ከምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

እናትአለም ሱቅ መክፈት ስላለባት በሁለተኛው ቀን ብቻዋን ተመለሰች። የዐናብን ፎቶዎች ጨርሳ፣ ጠርዛ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከች። ሥራ ላይ ሆና አልፎ አልፎ በድንገት ቀጥ ትላለች፤ እኔ እኮ ሞቻለሁ ተብሎ የተለቀሰልኝ ሰው ነኝ የሚለው ሐሳብ ይመጣባትና መበየጃዋን በፍጥነት ከላስቲኩ ላይ ታነሳለች። ጃማ ታሪኩን ስትነግረው፣ በሶማሊ ሕግ አንድ ጡት የጠባ ሥጋ ነው፣ እንግዲህ የዐናብ ወንድሞች ሁሉ ወንድሞችሽ ናቸው፣ ቁጠሪያቸው አላት።

እናቷ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ደገሀቡር ቆዩ። እናትአለም ስትደውልላቸው መቼ ትመጫለሽ ትላለች። እሳቸውም የደም ግፊት መድኃኒቴን በሹፌሩ ላኪልኝ፣ ለኢስተሂልም የዓይን ጠብታ ጨምሪበት ብለው ስልኩን ይዘጋሉ።