ለአንድ ቦታ ሁለት ተፈታኞች

ከኮሌጅ በስታቲስቲክስ ተመርቄ ሐይቅ ወደ አክስቴ ቤት ስመለስ፣ አብሮ አደጎቼ አንዳቸውም አልነበሩም። ገሚሶቹ አግብተው ርቀዋል፤ በቀይ ሽብር የጠፉትን የሌሎቹን ስም ደፍሮ የሚያነሳ የለም። አክስቴ ደግ ብትሆንም ወሬ አታውቅም። ውዬ ስገባ እራቴን አቅርባ ወደ መኝታዋ ትሄዳለች።

ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት የገበያና የሰብል መረጃ የሚተነትን ባለሙያ እንደሚፈልግ ሰምቼ ተመዘገብኩ። የጽሑፍ ፈተናው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ስንበተን መናኸሪያው ላይ አንድ ቀጭን ወጣት ጠጋ አለኝ።

"የማሽላዋን ጥያቄ እንዴት ሠራሻት?"

የአምባሰል ልጅ ነው፤ ውጫሌ ከእናቱ ጋር ይኖራል። እኔ ሐይቅ እስክወርድ ድረስ ስለ ማሽላ ስንከራከር ሄድን።

ከዚያ የቃል ፈተና ተባለ። ቀጥሎ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ የቃል ፈተና። ወራት አለፉ። በተጠራን ቁጥር ሰው ይቀንሳል፣ እኔና እሱ ግን አውቶቡሱ ላይ እንገናኛለን። ከሰው ጋር የማወራው በእነዚያ ቀናት ብቻ ነበር። በመጨረሻ ለአንዱ ቦታ ሁለታችን ቀረን።

"አብሽሪ" አለኝ እየሳቀ። "ያለፈ ምሳ ይጋብዛል። ዞሮ ዞሮ ምሳ አለ።"

የመጨረሻው ፈተና ቀን ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። በመጣሁበት የውጫሌ አውቶቡስ ላይ እሱ አልነበረም። ስሜ ተጠራ።

"ጓድ፣ ሌላውን ተፈታኝ ትንሽ ብንጠብቀውስ?" አልኩ።

የፈታኞቹ ሰብሳቢ ቀና ብሎ አየኝ። "የምንፈትነው የመጣውን ነው።"

የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። ምን ብዬ እንደመለስኩ ግን ዛሬ ትዝ አይለኝም። ከሰዓት በኋላ "አልፈሻል፣ ሰኞ ሥራ ጀምሪ" አሉኝ። ወደ ቤት ስመለስ ሐይቅ አልወረድኩም፤ እስከ ውጫሌ ሄድኩ።

ቤታቸውን ጠያይቄ ደረስኩ። እናቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ አብሬው የምፈተነው መሆኔን ነገርኳቸው።

"ትናንት ከገበያ መሐል አፍሰው ለውትድርና ወሰዱት" አሉኝ። "ለፈተናው ያጠብኩለት ሸሚዝ ያውና፣ ገመዱ ላይ።" ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "አንቺስ ልጄ፣ አለፍሽ?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ እጄን ይዘው። "አንዳችሁ እንኳ።"

ሰኞ ሥራ ገባሁ፤ ደሴ አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ። ስለ እሱ ከውጫሌ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እጠይቅ ነበር፤ ወሬውን የሰማ አላገኘሁም። አንድ ቀን ኃላፊው የመጀመሪያ ሪፖርቴን ሰው ፊት አመሰገነልኝ። ከቢሮ ስወጣ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁና ቤቴ መግባት አስጠላኝ። ፒያሳን ደጋግሜ ዞርኩት፤ ሱቆቹ እስኪዘጉ።