ጠበል የማይፈራ ሞላ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሮም አናኚና ጣቢያ ሜትሮ ባቡር የተሳፈርኩት ሞላ ፍለጋ ነው። የወጣሁትም ተናድጄ ነው። በማግስቱ ልጄ ሄርሜላ የስምንት ዓመት ልደቷን ታከብራለች፤ ለክፍሏ ልጆች በሙሉ «አባቴ ከባዶ እጁ አበባ ያወጣል» ብላ አውርታለች። አበባው ግን የለም።

አበባዎቹን የሠራኋቸው ራሴ ነበርኩ። በስስ ወረቀት መካከል ቀጭን የብረት ሞላ ይገባል፤ ሲጨመቅ መዳፍ ውስጥ ይደበቃል፣ ሲለቀቅ ይፈነዳል። ታዲያ ኩሽና የምንጋራቸው እማማ ትርፌ ስለማመድ በበሩ ስንጥቅ አይተውኝ ኖሯል። እኔ ሥራ በሄድኩበት ሻንጣዬን ከፍተው ግማሽ ጠርሙስ ጠበል አርከፈከፉበትና መልሰው ዘጉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ማታ ስከፍተው ወረቀቱ ገንፎ ሆኗል፣ ሞላው ዝጓል። «ለአንተው ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሻንጣዬን ዘግቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ቲቡርቲና

ጣልያኖችም ሞላን ሞላ ነው የሚሉት፤ ስለዚህ ቋንቋ አልቸገረኝም። የቸገረኝ የብረታ ብረት ሱቁ ባለቤት ነው። ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። ለአስማት ጨዋታ ነው ስለው ጓደኛውን ጠርቶ ሳቁብኝ። ከዚያ በዘጠኝ ዩሮ አንድ ጥቅል ሽቦ ሸጠልኝ። ደጅ ወጥቼ ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ብለቀው እንደተጠመጠመ ቀረ። ተመልሼ ገባሁ። ጥቅሉ ከተፈታ አንቀበልም አለኝ። ከፊቱ ላይ ሳቁ ገና አልጠፋም ነበር።

ሁለተኛው ሱቅ ያለው የሱቅ መዝጊያ ሞላ ብቻ ነው፣ የእጄን አንጓ የሚያክል። አውቶብስ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፣ አልመጣም። በአራት ዩሮ የገዛኋትን ቁራጭ ፒዛ ቆሜ ስበላ ቲማቲሙ ሸሚዜ ላይ ወረደ። እማማ ትርፌን በልቤ እየተሳደብኩ በእግሬ ቀጠልኩ።

ሰባት ሰዓት፣ ጋራዥ ደጃፍ

«ሐበሻ ነህ?» አለኝ ጎማ የሚያንከባልል ሰው። ገመቹ ይባላል፣ በዕድሜ እኩያዬ ነው። ፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እየጠበቀ እዚያ ጎማ ይቀይራል። ሳልጠየቅ ብሶቴን በሙሉ አወረድኩበት።

«አሎራ፣ ታዲያ የቸገረህ ሞላ ነው?»

ከቆሻሻው በርሜል አሮጌ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ አወጣ። ጎማውን ሲገፍፈው ሁለት ረጃጅም፣ ስስ የብረት ዘንጎች ወጡ። አንዱን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ለቀቅኩት፤ ከእጄ ዘሎ መኪና ላይ አረፈ።

«ይኼ ዝናብ የለመደ ነው» አለኝ። «በቀላሉ አይዝግም።»

ስንት ልክፈል ስለው «ከቆሻሻ ላወጣሁት? ሂድ ባክህ» ብሎ ስድስት መጥረጊያ አሸከመኝ።

አሥር ሰዓት፣ ቤት

እማማ ትርፌ ኩሽና ተቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ የያዝኩት ንዴት አመለጠኝ።

«እማማ፣ ጠበልዎ ልጄን በጓደኞቿ ፊት ሊያሳፍራት ነበር!»

«ሰይጣን መስሎኝ ነዋ። አስማት ነው የምሠራው ያልከው በገዛ አፍህ ነው።»

ይህን ጨዋታ የሚጫወት ሰው ምስጢሩን አያሳይም። እኔ ግን ከብረቱ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ጣታቸው መሃል አስገባሁላቸው። ጨመቁት፣ ለቀቁት፤ ደንግጠው አማተቡ። ከዚያ ደግመው ጨመቁት።

«ይኸው ብቻ ነው?»

«ይኸው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን አስደበቀህ?»

አስቀድሜ ጠርቼ ባሳያቸው ኖሮ ሮምን በእግሬ ባልዞርኩ ነበር። ንዴቴ ግን ገና አልበረደም። ቢሆንም አብረን ወረቀት ቆረጥን።

እሑድ

ሳሎኑ በልጆች ተሞላ። ባዶ እጄን አሳየሁ፣ መዳፌን ከፈትኩ፣ አበባው ፈነዳ። አንድም ልጅ ሳያጨበጭብ ከኋላ የእማማ ትርፌ ድምፅ መጣ።

«አትደንግጡ ልጆች፣ ሞላ ነው! ሞላ!»

ቃሉ ያው ነውና ለጣልያኖቹ ልጆች ሳይቀር ገባቸው። ደሜ ፈላ። ሄርሜላን ለማየት ፈራሁ።

እሷ ግን አበባውን ከወለሉ አንስታ ለጓደኞቿ ታሳያለች። «ላ ፋቶ ፓፓ» ትላቸዋለች፤ አባቴ ነው የሠራው። ልጆቹ ተራ በተራ ለመጨመቅ ተሰለፉ። ከሰልፉ ፊት የቆሙት እማማ ትርፌ ናቸው።