ሳይነግሯት የምታውቅ ሞግዚት

ከልብስ ስፌቱ ፋብሪካ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ የሠራተኞች ልጆች የሚውሉበት ማቆያ አለ። እዚያ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ሞግዚት ልጆቹ እትዬ ይሏታል። ወላጆቹ ደግሞ በሌለችበት «አስተርጓሚዋ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የበሩ ጥበቃ ነው። አንድ ጠዋት አንድ ሕፃን አቀርቅሮ ሲነፋረቅ፣ እናቱ ግንባሩን ብትዳስስ፣ ሆዱን ብትዳስስ፣ ነገሩ አልገለጥልሽ አላት። ሞግዚቷ ፍራሽ እያነጠፈች ከወዲያ ማዶ «ግራ ጫማው ውስጥ ጠጠር አለ» አለች። ጫማው ሲወልቅ ጠጠሩ ዱብ አለ። ጥበቃው አፉን ይዞ «ለካ እኛ ልጅ የምንወልደው ቋንቋውን ሳናውቅ ነው!» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ጸናባት። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏታል።

ችሎታው ከሰማይ አልወረደላትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ታመው ምላሳቸው ተሳሰረ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አልጋ ላይ ሲኖሩ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ካዘነበለ መጋረጃው ይከፈትልኝ ማለት ነው፤ ጣታቸው አንሶላውን ከቧጠጠ ጎኔን ገልብጡልኝ ማለት ነው። ወንድሞቿ ትራስ ነው፣ ብርድ ልብስ ነው እያሉ ሲጣሉ እሷ የፈለጉትን አድርሳ ትመለሳለች። እናቷ እስኪያርፉ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ስታ አታውቅም። ለእሷ ሰውን መውደድ ማለት አፉን ሳይከፍት መድረስ ነው። ሌላ ዓይነት ፍቅር መኖሩን የነገራት ሰው የለም።

በማቆያው ውስጥ ከሁሉ አብልጣ የምትሳሳው ለአንዲት ጭምት ልጅ ነበር። ልጅቷ የመጣችው በዘጠኝ ወሯ ነው፤ አሁን ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። እናቷ ፎቅ ላይ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። የልጅቷ ጆሮ ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል፤ ቤቷም ስትገባ ትንሽ ትንሽ ታወራለች። ማቆያው ውስጥ ግን ምን ቆርጧት ታወራለች? ቅንድቧን ብድግ ስታደርግ ውሃ ይመጣል፤ ጉልበቷን ገጠም ስታደርግ ሽንት ቤት ትወሰዳለች፤ ወደ መደርደሪያው ዞር ስትል አሻንጉሊቷ ከተፍ ትላለች። እንዲህ የሚኖር ሰው በከንቱ አፉን አያደክምም።

በዚያ ዓመት ትልልቆቹን ልጆች ለትምህርት ቤት የምታዘጋጅ አንዲት ወጣት አስተማሪ ተቀጠረች። ሁለት ሳምንት ዝም ብላ ስትመለከት ቆየችና አንድ ቀን ልጆቹ ተኝተው ሳለ ወደ ሞግዚቷ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልበል?»

«በይ እስቲ።»

«ልጅቷ የማታወራው እርስዎ ስለሚያወሩላት ነው።»

ሞግዚቷ የያዘችውን ፎጣ ሁለቴ አጠፈችው። «ትናንት መጥተሽ ዛሬ ጥፋተኛ አደረግሽኝ? ልጅ ሳይጠማው ማጠጣት ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ግን ከአሥር ሳምንት በኋላ የትምህርት ቤቱ መምህርት እያንዳንዱን ልጅ አስቀምጣ ታነጋግራለች። የሚያስፈልገውን መናገር ያልቻለ ልጅ ለከርሞ ና ይባላል። እኛ ደግሞ ስድስት ዓመት ያለፈውን አንይዝም። ልጅቷ ቤት ከቀረች እናቷ ሥራዋን ትታ ልትጠብቃት ነው።» ቀጥላም ጨመረች፦ «ደግሞስ ብትገባ፣ ክፍል ውስጥ ማን አብሯት ይቀመጣል?»

ሞግዚቷ ሦስት ቀን ሙሉ አስተማሪዋን አኮረፈቻት። የእግዜር ሰላምታ እንኳ በግማሽ አፍ ነበር። ያቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ግን እንደ እሾህ ተሰክታባት አልነቀል አለች። በአራተኛው ቀን ጥበቃውን አማከረችው። እሱም ነገር ማስረዘም አይወድም፤ «እትዬ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

እሺ፣ እስክትናገር እጠብቃለሁ አለች። ግን የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ነውና ነገሩ፣ የልጅቷ ቅንድብ ገና ብድግ ሳይል እጇ ቀድሟት ብርጭቆው ጋ ደረሰ። በማግስቱ ራሷን ገታችና እጇን አጣጥፋ ቆመች። ልጅቷ አየቻት፤ ደግማ አየቻት፤ ከዚያ ድምፅ የሌለው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሞግዚቷ ውሃውን ሰጥታት ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሮጠችና በሩን ዘግታ አለቀሰች። የእናቷን ዓይን አይታ ፊቷን ያዞረች ያህል ነበር የተሰማት።

መፍትሔው የመጣላት እዚያው፣ አፍንጫዋን ስትጠርግ ነው። ዝም ማለት ካልቻልኩ ለምን አልጃጃልም? አለች።

በሚቀጥለው ቀን ልጅቷ ቅንድቧን ወደ ውሃው አነሳች። ሞግዚቷ በጥድፊያ ሄዳ የልጅቷን ጫማ አመጣችላት። «ይኸው የኔ እመቤት፣ ጠጪ!» ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ማበጠሪያ መጣ። ልጅቷ ፊቷን አጠቆረች። ቀጥሎ ከሞግዚቷ ቁመት የሚረዝመው መጥረጊያ እየተጎተተ መጣ።

«አይደለም!»

አስተማሪዋ የያዘችው ጠመኔ ከእጇ ወደቀ። ልጅቷ እግሯን መሬት ላይ መታችና «ውሃ! ውሃ አላልኩሽም እንዴ?» ብላ ተቆጣች።

አላለችም። ግን ማን ይከራከራታል?

ከዚያ ወዲያ ማቆያው የጉድ አገር ሆነ። ሞግዚቷ ኮፍያ ስጪኝ ሲሏት ካልሲ ትሰጣለች፤ በር ክፈቺ ሲሏት መሳቢያ ትከፍታለች። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ሲውል ሲያድር አዘኑላትና ያስተምሯት ጀመር። «እትዬ፣ ስሚኝ፣ ይሄ ካልሲ ነው፤ እግር ላይ ነው የሚደረገው» እያሉ በትዕግሥት ያስረዷታል። ከሁሉ የባሰችው መምህር ደግሞ ያቺ ጭምት ሆነች። ጣቷን እያወዛወዘች ታስረዳለች፤ ያልገባትን መልሳ ትጠይቃለች፤ ትገስጻለች። አንዳንድ ወላጆች «እትዬን ምን ነካት፣ ጃጀች እንዴ?» ብለው ሲንሾካሾኩ ሞግዚቷ ሰማች። ይህኛው ስም ደስ አላላትም፤ ግን ዋጠችው።

ሁሉም ቀን እንዲህ የቀለለ አልነበረም። በሰባተኛው ሳምንት ልጅቷ ጉልበቷን ስትገጥም ሞግዚቷ አይታ ጠበቀች፤ ከልክ በላይ ጠበቀችና ልጅቷ ቆማ ሸናች። ሞግዚቷ ተንበርክካ «ይቅር በይኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለቻት። ልጅቷ በእፍረት ቀልታ «ልብስ አምጪ። ቀዩን» አለች። ማታ እናቷ ስትመጣ ሞግዚቷ ሳትደብቅ ነገረቻት። እናትየዋ ልትቆጣ አፏን ከከፈተች በኋላ «ቀዩን አለችሽ? እንዲያ ብላ?» ብላ ጠየቀችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

የትምህርት ቤቱ ቀን ሲደርስ እናትየዋ ከሥራ መውጣት ስላልተፈቀደላት ልጅቷን ይዛ የሄደችው ሞግዚቷ ነች። መምህርቷ መነጽሯን ከአፍንጫዋ ጫፍ አድርጋ ተቀበለቻቸው፤ ለልጅቷ ወረቀትና እርሳስ ሰጥታ «እስቲ ቤታችሁን ሳዪልኝ» አለቻትና ወደ መዝገቧ አቀረቀረች። ሞግዚቷ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ልጅቷ አንድ መስመር እንዳሰመረች የእርሳሱ ጫፍ ቀጭ አለ። ዘወር ብላ ሞግዚቷን አየቻት። ያ የድሮው አስተያየት ነበር። ልጅቷ የምትፈልገውን ራሷ ሳታውቀው ሞግዚቷ አወቀችው፤ ቦርሳዋ ውስጥም የተቀረጸ እርሳስ አለ። ጣቶቿ ዚፑ ላይ ደረሱ። እጇን ከጭኗ ሥር ቀብራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አታውቅም። መምህርቷ አሁንም እየጻፈች ነው።

ወንበር ሲንሸራተት ሰማች።

«ቲቸር፣ እርሳሱ ተሰብሯል። ሌላ ስጪኝ።»

መምህርቷ ቀና ብላ ሌላ ሰጠቻት። ከዚያማ ልጅቷ ቤቱን ሣለችው፤ የማን አልጋ የት እንደሆነ ተናገረች፤ የአባቷን ኩርፊያ ሳይቀር አወጣችው። መምህርቷ ስሟን መዘገበችና ወደ ሞግዚቷ ዞረች። «ትምህርት ሰኞ ይጀመራል፤ ሁለት ደብተር፣ አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የልደት ምስክር ወረቀት…»

ልጅቷ የመምህርቷን እጅጌ ጎተት አደረገች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው መልኩ፣ «ቀስ ብለሽ ንገሪያት» አለች። «እትዬ ቶሎ አይገባትም። ግን ካስረዳሻት ትችላለች።»

መምህርቷ ከመነጽሯ በላይ ሞግዚቷን አየቻት። ሞግዚቷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ወንበሯን ወደ ፊት ሳብ አደረገች።

«እውነቷን ነው፤ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» አለች።

መምህርቷ በጣቷ እየቆጠረች ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ልጅቷም በሁለቱ መካከል ቆማ እያንዳንዱ ነገር ለእትዬ መግባቱን ታረጋግጥ ነበር።