ለአባቴ የታዘዘው ክኒን

አባቴ በየሳምንቱ በስልክ ይዋሹኝ ነበር። "ማርያምን እየዋጥኩ ነው ልጄ" ይሉኛል፤ እኔም አምናለሁ። ከፍኖተ ሰላም የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እየገዛሁ፣ ቡሬ ወርጄ፣ ከዚያ በጋሪ ገጠር ድረስ የማደርሰው እኔ ነኝ።

ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለታችንንም አስቀምጦ አስረድቶናል። ኩላሊት ደም ያነሰው ሲመስለው ሬኒን የሚባል ኢንዛይም ወደ ደም ይለቅቃል። በእሱ የተነሳ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ይቀራል፣ ግፊቱም ያሻቅባል።

"የእርስዎ ኩላሊት ጎተራው ሞልቶ ራበኝ የሚል ነው" አላቸው። "ክኒኑ ሬኒን የጀመረውን መንገድ ላይ ይቆርጠዋል። ታዲያ ሳያቋርጡ ከዋጡ ነው።"

አባቴ ሳቁ። "ስስታም ኩላሊት ደግሞ ከየት አመጣሁ!"

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አፋቸውም ተጣመመ። ሆስፒታል ሰንብተው ወደ ቤት ስንመልሳቸው ጠያቂው ቤቱን ሞላው። አብዛኞቹ የሰንበቴ ማኅበርተኞቻቸው ናቸው፤ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አብረው የሚቀምሱ። አንድ አዛውንት ገና ሲያዩኝ ይመርቁኝ ጀመር።

"ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ! ያ ያንቺ ክኒን ራስ ምታቴን እንዴት አድርጎ እንደነቀለው!"

"እኔንም ወገቤን" አሉ ሌላው። ቄሱ ሳይቀሩ እጄ እንዲባረክ ጸለዩልኝ።

እናቴን ወደ ጓዳ ጠራኋት። "ታውቂ ነበር?"

"ምን ያድርግ ታዲያ? ሰው እያየው ለብቻው ይዋጥ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።"

"ማርያምን ብለው ምለውልኛል እኮ!"

"እንዳይከፋሽ ብሎ ነው።"

ከፋኝ እንጂ! ተቃጠልኩ። እናቴ ታውቃለች፣ ቄሱ ያውቃሉ፣ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው ተሸካሚዋ ብቻ ነኝ። የገዛ አባቴ በሕይወታቸው እየቀለዱ አታለሉኝ።

ተመልሼ ከመደባቸው አጠገብ ተቀመጥኩና አዲስ የታዘዘላቸውን ክኒን በደህናው እጃቸው ላይ አደረግሁ።

"አባባ፣ አሁን እኔ እያየሁ ይዋጡት።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይቅርታ የሚጠይቁኝ መሰለኝ። እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱና፣ ወደ አፋቸው ሳይሆን ከጎናቸው ወደተቀመጡት አዛውንት ዘረጉት። አዛውንቱም መዳፋቸውን ዘርግተው ይጠብቁ ነበር።