የአራት ወር ልጅ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ባለ አንድ የአረጋውያን መዋያ ግቢ፣ ወንበራቸውን ወደ ፀሐይ እያዞሩ የሚውሉ እናት አሉ። ነጠላቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ልጅ ወልደው እንደሆነ የጠየቃቸው ሁሉ መልስ አያገኝም፤ ወሬ ይለውጡበታል።

ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተማሪዎች ጠዋት ኮተቤ ይማራሉ፤ ከሰዓት እዚህ አረጋውያኑን ያገለግላሉ። እኔ አስተርጓሚያቸው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ተማሪ ጥፍር መቁረጫ ይዛ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ያቺ የፊተኛዋስ?» አሉኝ።

«ትምህርቷን ጨርሳ አገሯ ገባች፣ እማማ።»

«ከእሷ በፊት የነበረችውንም ጨረሰች ነው ያልከኝ። በአንተ አፍ እናቴ ነዎት ትለኛለች፣ ጠጉሬን ታበጥርልኛለች፣ አፌ ስሟን ሲለምድ ትሄዳለች። እኔ የማን የቤት ሥራ ነኝ?»

ተማሪዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ሳልሸፋፍን ነገርኳት። ፊቷ ቀላ፤ እሷም ከአራት ወር በኋላ እንደምትሄድ አልደበቀችም።

ይህንኑ ስነግራቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉላት።

«ቁረጪ» አሏት፤ «ስምሽን ግን አትንገሪኝ።»