«ይድረስ» ያልተባለበት ረቡዕ

የትምህርት ቤቱ ሞንታርቦ የተሰቀለው ከባንዲራው ጀርባ ካለው የኒም ዛፍ ላይ ነው። አፉ ወደ ሜዳው ዞሯል፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ድምፁ ከአጥሩ አልፎ ማሽላ ማሳው ድረስ ይሰማል። ማጉያው የተቀመጠበት ክፍል ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ መስኮቱ ተነቅሎ ስለተወሰደ በቆርቆሮ ደፍነውታል። በቆቦ ፀሐይ በቆርቆሮ የተደፈነ ክፍል ምን እንደሚመስል የገባበት ያውቀዋል። እህቴ ዜና የምታነበው እዚያ ውስጥ ነበር፣ ላቧን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

እኔ ከሰባተኛ ክፍል አላለፍኩም። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቤት ዋልኩ፤ ሲከፈት አልተመለስኩም። በመካከሉ የሞቱ ሬዲዮኖችን እየፈታሁ ጥገና ለመድኩ። አሁን ከባጃጅ መቆሚያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የጠራኝ ማጉያው ጢስ ጢስ ስላለ ነበር። እህቴ ሰባተኛ ክፍል ገብታ የሚኒ ሚዲያው ዜና አንባቢ ከሆነች በኋላ ግን ተበላሸም አልተበላሸ ረቡዕና ዓርብ በረፍት ሰዓት እሄዳለሁ። ገመዱን እነካካለሁ፣ ባትሪውን አያለሁ፣ ከዚያ በሩ ላይ ተደግፌ እሰማለሁ።

ዜናው የልጆች ዜና ነው። ስምንተኛ «ሀ» ስምንተኛ «ለ»ን በኳስ ስንት ለስንት እንዳሸነፈ፣ ከጽዳቱ ማን እንደቀረ፣ ከተተከሉት የሽፈራው ችግኞች የትኞቹን ፍየል እንደበላቸው። ከዚያ የጠፋ ዕቃ ይነገራል። ከዚያ አንድ እንቆቅልሽ ይቀርባል፤ መልሱን ሁሉም ቀድሞ ያውቀዋል፣ ግን እንደ አዲስ ይጮህበታል። መጨረሻ ላይ ሰላምታ ይመጣል።

ሰላምታው የእኛ ትምህርት ቤት ወግ ነው። ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር አላውቅም። እኛ ዘንድ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። የአንዱ አባት፣ የሌላዋ እናት፣ የብዙዎቹ ታላቅ ወንድም ሳዑዲ ነው፤ ወይም መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ጠዋት በሰልፍ ላይ ለአንባቢዋ በጆሮዋ ይነግሯታል፤ እሷ በቃሏ ትይዘዋለች። «ከአራተኛ ክፍል ጂዛን ላለችው እናቴ፣ ሰላምታዬ» ስትል፣ ሜዳው ላይ ያለው ልጅ ሁሉ ባንድ አፍ «ይድረስ!» ይላል። ሌላውን ትጠራለች፤ እንደገና «ይድረስ!»። ትንንሾቹ ያቺ እናት ማን እንደሆነች እንኳ አያውቁም፤ ግን ከሁሉም በላይ የሚጮኹት እነሱ ናቸው። ስልክ ያለው ዘመድ አጥሩ ጋ ቆሞ ይቀዳና በኢሞ ይልከዋል።

የእኛ ሰላምታ የሚሄደው ለመካከለኛው ልጅ ነበር፤ ለእኔ ታናሽ፣ ለእሷ ታላቅ። ለማንም ሳይናገር ከሰፈር ልጆች ጋር በአፋር በኩል ወጣ። ጅቡቲ ሲደርስ ደወለ። እናቴ ስልኩን ነጥቃ አልቅሳ፣ ተሳድባ፣ መርቃ መለሰችልኝ። አባታችን ቀድሞ ስላረፈ የሚቆጣውም የሚመርቀውም እሷ ብቻ ነበረች።

እህቴ የዜናውን ቅጂ በእኔ ስልክ ትልክለታለች። ከቅጂው በፊት የራሷን ነገር ታስገባለች።

«ስማ አንተ ግመል! ዛሬ የትምህርት ቤታችን ዜና አለ፤ ጆሮህን ጥረግ።»

ግመል የምትለው ልጅ ሆኖ ከአፋሮቹ ግመል ላይ ወጥቶ በገበያ መሐል ስለወደቀ ነው። እሱም ከወዲያ መልሱን ይልካል።

«ዜና አንባቢዋ፣ አፍንጫሽን ይዘሽ ነው እንዴ የምታነቢው? ይልቅ ኳሱን በደንብ ንገሪኝ፤ በረኛው አሁንም ያ ወንፊቱ ነው?»

አንድ ሳምንት ግን መልስ ቀረ። «ባሕር ላይ ኔትወርክ የለም» አልኳት። እውነትም መስሎኝ ነበር።

አጎቴ ሱቄ የመጣው የገበያ ቀን፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን ነው። የእናቴ ወንድም ነው። የቆመ ደንበኛ ነበረኝ፤ እስኪሄድ ጠበቀ። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረገና ከባትሪዎቹ መካከል ተቀመጠ።

«አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል» አለኝ።

«ምነው አጎቴ?»

«ጀልባዋ ተገልብጣለች። ከእነሱ ጋር የነበረ አንድ የዋጃ ልጅ ተርፎ ደወለ። የእኛን ልጅ ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ቀብረውታል።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እጄ ላይ የጋለ የብየዳ ብረት እንደነበረ፣ እሱም ተነስቶ ከሶኬቱ እንደነቀለልኝ አስታውሳለሁ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጎረቤት ቤት ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ደጋፊ ከግራና ከቀኝ ቆሞለት ነው የሚነገረው። አጎቴ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ለዚህ ይመስለኛል ዓይኔን ሳያየኝ የጨረሰው።

«ላንተ በወጉ ልናደርግልህ አልቻልንም። ስልኩ ያለው አንተ ጋ ነው፤ አንዱ ደውሎ ዘርግፎ ቢነግራቸውስ? ልጅቷ ደግሞ ፈተና ደርሶባታል። ሽማግሌዎቹ ተመካክረዋል፤ ስምንተኛ ክፍልን እስክትፈተን ይቆይ ብለዋል። እናትህም አትስማ። እሷ ከሰማች ጩኸቷን ጎብዬም ይሰማዋል። ዋጥ አድርጋት፣ ልጄ።»

ዋጥ አደረግኳት። ማታ ቤት ስገባ እናቴ «ወንድምህ ደወለ?» አለችኝ። «ኔትወርክ የለም» አልኳት።

አጎቴ ለርዕሰ መምህሩ ነገረ። ርዕሰ መምህሩ ለአስተማሪዎቹ ነገረ። ወሬው ግን ከዋጃ መጥቶ ቀድሞ ልጆቹ ጋ ስለደረሰ፣ አስተማሪዎቹ ክፍል ለክፍል እየዞሩ፣ እሷ ውኃ ልትጠጣ ስትወጣ ወይም ቢሮ ስትላክ፣ ልጆቹን አስጠነቀቁ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የሳይንስ አስተማሪ በኋላ እንደነገረኝ፣ ያሏቸው ይህን ብቻ ነበር፦ «ፈተናው እስኪያልፍ ከአፋችሁ ቃል እንዳይወጣ።»

አልወጣም። ያን ያህል ልጅ ምስጢር ይይዛል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እነሱ ግን ያዙ። እንዲያውም አበዙት። ቧንቧው ጋ ተራቸውን ለቀቁላት። የ«ለ» ክፍል ልጆች፣ ሁልጊዜ «የእናንተን ክፍል ብቻ ነው የምታወሪው፣ አድሎኛ!» እያሉ የሚነዘንዟት፣ ሰላም ይሏት ጀመር። «ምን ሆነዋል?» አለችኝ አንድ ቀን። «ልትለያዩ ስለሆነ ነዋ» አልኳት። አመነችኝ ይመስለኛል።

ከዚያ ያ ረቡዕ መጣ። ከፈተናው በፊት የሚተላለፈው የመጨረሻ ዜና ነበር። ባትሪው በደንብ ሞልቶ ስለነበር ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። የኳሱን ተናገረች። ፍየል ስለበላው ችግኝ ተናገረች። እንቆቅልሹን ጠየቀች፤ ሜዳው ተንጫጫ። ወደ ሰላምታው ገባች።

«ከስድስተኛ ክፍል ሪያድ ላለው አባቴ፣ ሰላምታዬ።»

«ይድረስ!»

«ከሦስተኛ ክፍል ለአክስቴ፣ ሰላምታዬ።»

«ይድረስ!»

«ከስምንተኛ ክፍል መንገድ ላይ ላለው ወንድሜ፣ ሰላምታዬ።»

ዝም አለ ሜዳው።

ይህን ማንም አላሰበውም፤ እኔም፣ አጎቴም፣ አስተማሪዎቹም። ቃል እንዳይወጣ አልናቸው፤ ቃል አላወጡም። ለሞተ ሰው ደግሞ ሰላምታ ይድረስ አይባልም። ለሞተ «አላህ ይዘንለት» ነው የሚባለው፣ ወይም «ነፍስ ይማር»፤ ይህን ከእናታቸው ጀርባ ላይ ሆነው ነው የሰሙት። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አፉን ዘጋ። በሩ ላይ ሆኜ አየኋቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ ለመጮህ አፏን ከፍታ ነበር፤ አጠገቧ ያለችው በእጇ ከደነችው።

እህቴ ማይኩን እንደያዘች ቆየች። ፊቷ ወደ ቆርቆሮው ስለሆነ አላየኋትም። ከዚያ የዘለለችው ነገር ነበር፤ ወደ ኋላ ተመልሳ አነበበችው። «የጠፋ ዕቃ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ የግራ እግር ቀይ ሸበጥ ጠፍቶባታል። ያገኛችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክፍል እንድታስረክቡ። ዜናችንን በዚሁ ጨረስን።» ድምፅዋ አልተሰበረም። ብቻ «እንድታስረክቡ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አለችው።

ስትወጣ «ማይኩ ደህና ነበር?» አለችኝ።

«ደህና ነበር።»

«መጨረሻ ላይ አልሰሙኝም መሰለኝ።»

«ነፋስ ነበር።»

ቀና ብላ ኒሙን አየችው። ከቅጠሉ አንድም የሚነቃነቅ አልነበረም። ደብተሯን አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ያን ቀን ስልኬን አልጠየቀችኝም። ማታ እናቴ «ለወንድምሽ ዜናውን ላክሽለት?» ስትላት «ልኬለታለሁ እማ» አለች። ይህን ስትል እኔን አላየችኝም። ያኔ ማወቋን አወቅሁ። እሷም እኔ እንዳወቅሁ ሳታውቅ አልቀረችም። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ገበታ ላይ፣ እንዲያ ሆነን ሰነበትን። እኔ ብናገር ፈተናው ይቀራል። እሷ ብትናገር እናቴ ፊቷን ታነባለች። ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ትዘገያለች፤ ጀሪካኑን ስትመልስ ዓይኗ ቀልቶ ይሆናል። «አቧራው!» ትላለች እናቴ እንዳትጠይቃት ቀድማ። እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ በሩን ዘግቼ ሬዲዮ ከፍ አደርግ ነበር።

ተፈተነች። በመጨረሻው ቀን ከፈተና ጣቢያው በር ላይ በባጃጅ ጠበቅኋት። «እንዴት ነበር?» አልኳት። «ሒሳቡ ይከብዳል» አለችና እስከ ቤት ድረስ ወደ ውጭ እያየች ሄደች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጡ። ሼሁ፣ አጎቴ፣ ከጎናችን ያሉት ክርስቲያን ጎረቤታችን ከነባለቤታቸው፣ ሌሎችም። እናቴ ለሶላት ተነስታ ነበር። በሩን ስትከፍት ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ደጃፏ ላይ አየች፤ ሰው እንዲህ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም።

«ማንን ነው?» አለች።

ማንም ሳይመልስላት ዞራ ቤቷን አየች። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ፤ እህቴ ላይ አረፈ። የቀረው ማን እንደሆነ ያኔ ገባት። ሼሁ «ኢና ሊላሂ…» ብለው የጀመሩትን አልሰማችም፤ ጎረቤታችን ሴትዮ ደግፈዋት ወደቀች።

አጎቴ እህቴን ሊይዝ እጁን ዘርግቶ ነበር። አልወደቀችም፣ አልጮኸችም። ሄዳ የእናቴን ራስ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። እናቴ ድምፅዋ እስኪዘጋ ከጮኸች በኋላ ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺ ምነው አትጮሂም?»

«አውቄ ነበር እማ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ፈተና ነበረብኝ» አለች እህቴ። የተጠየቀችው ሌላ ነበር፤ የመለሰችው ግን ይህን ነው።

እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘችው። «ታዲያ ከማን ጋር አለቀስሽው? ልጄን ብቻሽን አለቀስሽው?»

ከማንም በላይ አጎቴ በዚህ ተሰበረ። ከቤት ወጥቶ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን አያለቅስም፤ ደሃም ቢሆን፣ እንግዳም ቢሆን ለቅሶ የሚቀመጥለት አያጣም። እህቴ እንድትፈተን ብለን ሁላችንም በደግነት ዝም ስንል፣ ይህን ነበር የነሳናት። እኔም አጠገቧ እያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ መጡ። ትምህርት ተዘግቶ ነበር፤ ግን ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ የሳይንስ አስተማሪውን አስቀድመው፣ ከድንኳኑ ውስጥ በሰልፍ ገብተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ። «አላህ ይዘንለት» ሲሉ ልጆቹ «አሚን!» አሉ። እንዲህ ያለ ጩኸት ለቅሶ ቤት አይሰማም፤ አንዳንድ ሽማግሌ ዞሮ አያቸው። እኔ ግን ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። የዚያ ረቡዕ ድምፅ ነው፤ ሆዳቸው ውስጥ ቆይቶ ነው የመጣው። እህቴ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መሐል አለቀሰች።

ሲወጡ በሩ ላይ ጫማ ሲፈልጉ ተጋፉ። አንዲት ትንሽ ልጅ ቀኝ እግሯ ላይ ቀይ፣ ግራ እግሯ ላይ አረንጓዴ ሸበጥ አድርጋ ቆመች። እህቴ አየቻት።

«እስካሁን አልተገኘም እንዴ?»

«አልተገኘም።»

«ያዢያት ይቺን ቀይዋን፣ እንዳትጥያት። መስከረም ላይ እንደገና ይነገርልሻል።»

«መስከረም ላይ አንቺ የለሽም» አለች ልጅቷ። «ስምንተኛን ጨርሰሻል።»

«ወንድሜ አለ» አለች እህቴ፣ በእጇ እኔን እያሳየች። «እሱ ያስነግርልሻል።»

መስከረም ላይ ኒሙ ላይ ወጥቼ ገመዱን አጠበቅሁ። አዲስዋ አንባቢ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ትቸኩላለች። ከኳሱ በፊት ይህን አንብቢልኝ ብዬ ለመንኳት፤ አነበበችው። የግራ እግር ቀይ ሸበጥ። ያመጣ ሰው የለም።